«አሮጌዎቹን የተረት መጻሕፍት በቆዳ ላስጠርዛቸው ወይ?»

ጥያቄው ከለንደን የደረሰኝ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀድመው። ጠያቂዋ ለዓመታት ሲንከባከቧቸው የኖሩ እንግሊዛዊት አዛውንት አርፈው፣ ልጆቻቸው አንድ ካርቶን የድሮ የተረት መጽሐፍ ሰጥተዋቸዋል። በካርቶኑ ውስጥ «ዘ ብሉ ፌሪ ቡክ» የሚል፣ 1889 የታተመበት ሰማያዊ መጽሐፍ አለ። በዋልተር ክሬን የተሳሉ፣ አንድ ላይ የተጠረዙ ስስ የልጆች መጻሕፍት አሉ። ሲከፈት ቅጠሎቹ የሚረግፉ አንድ ትልቅ የስጦታ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ደማቅ አረንጓዴ የሆነ ሌላ መጽሐፍም አለ። አንድ ወዳጃቸው «በቆዳ አስጠርዣቸው፤ ያን ጊዜ በሺህ ፓውንድ ትሸጫቸዋለሽ» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን መሸጡን ትተው ማሰባሰቡን ወደውታል። «የያዝኩት ብርቅ ነው ወይ? ማስጠረዙስ ይበጃል? ልቀጥል ብል ከየት ልጀምር?» ይላሉ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወደ ጠራዥ አይውሰዷቸው። ወዳጅዎ ለበጎ ነው የመከሩት፣ ምክሩ ግን ሀብቱን አጥፊ ነው። የዚህን ዘመን መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የሚከፍለው አሳታሚው ራሱ ላዘጋጀው የጨርቅ ሽፋን ጭምር ነው። ከ1820ዎቹ በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ አገር መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ተራ የወረቀት ልባስ ያለውን ገዝቶ በገዛ ጠራዡ በቆዳ ያስለብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሳታሚዎች ራሳቸው በጨርቅ አልብሰው መሸጥ ጀመሩ። በ1830ዎቹ ደግሞ በጨርቁ ላይ ወርቅ በማሽን መምታት ተቻለ። የተረት መጻሕፍት ተራ ሲደርስ ሽፋኑ ራሱ ሠዓሊ የሚነድፈው ሥራ ሆኖ ነበር። ያንን ገፍፎ አዲስ ቆዳ ማልበስ የመጽሐፉን ግማሽ አውጥቶ መጣል ነው። ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ ጀርባው የደበዘዘ የጥንቱ ጨርቅ ከሚያብረቀርቅ አዲስ ቆዳ ይበልጣል፤ በዋጋም፣ በክብርም።

አሠራሩንም ይወቁት፤ ያለዚያ በአያያዝ ይጎዱታል። በእኛ የብራና መጽሐፍ ጥራዞቹ ከእንጨቱ ገበታ ጋር በክር የተያያዙ ስለሆኑ አካሉና ሽፋኑ አንድ ነው። የቪክቶሪያ ዘመኑ (ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን ከ1837 እስከ 1901 የገዙበት) እንዲህ አይደለም። ሽፋኑ ለብቻው ይሠራል፤ ከዚያ የተሰፋው አካል በስስ ሻሽና በመግቢያው ወረቀት በኩል በማጣበቂያ ይያዛል። ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ያ ቀጭን መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ወደ ኋላ አይለጥጡት። ዘጠና ዲግሪ ያህል ከፍተው፣ በሌላ መጽሐፍ ደግፈው፣ ወደ መጋጠሚያው ጎድጓዳ ይመልከቱ። ወረቀቱ ተሰንጥቆ ሻሹ ከታየ መጋጠሚያው ደክሟል ማለት ነው። ይህ የተለመደ ጉዳት ነው፤ ነጋዴ ግን በዝርዝሩ ላይ ሊጠቅሰው ይገባል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ልሂድ፤ ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ሊያድር አይገባም። ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ በእንግሊዝም በአሜሪካም ለመጽሐፍ ጨርቅ ከዋሉት ደማቅ አረንጓዴ ቀለሞች አንዱ «ኤመራልድ ግሪን» የሚባለው ነው፤ የመዳብና የአርሴኒክ ውሁድ ነው። በ2019 አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት በሚገኘው የዊንተርተር ቤተ መጻሕፍት ያሉ የጥገና ባለሙያዎች ይህን በአንድ የዚያ ዘመን መጽሐፍ ሽፋን ላይ ካገኙ በኋላ ከዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ሰፊ ፍተሻ ጀመሩ። በ2024 የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእንግሊዝ የታተሙ አራት መጻሕፍትን በዚሁ ጥርጣሬ ከአንባቢ እጅ አወጣ። ቀለሙ በጨርቁ ላይ የተቀባ እንጂ ጨርቁ ውስጥ የሰረገ አይደለም፤ ስለዚህ ሲያረጅ እየተፈረፈረ እጅ ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ስለነኩት አይደንግጡ። የናይትሪል ጓንት አድርገው ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ይክተቱት፣ ያስቀመጡበትን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉት፣ እጅዎን ይታጠቡ። መጽሐፉን ራሱን ግን አይጥረጉት። በተለይ ጣትን በምራቅ እያረጠቡ ገጽ መግለጥ የለመደ ሰው፣ ልጅም እንዳይነካው። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ በዓይን ብቻ ለመለየት ግን አይሞክሩ። በመሣሪያ የሚለኩ ላቦራቶሪዎች አሉ።

ለሌሎቹ ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል። በፊልም የምናየው ነጭ የጥጥ ጓንት ለወረቀት አይመከርም፤ ጣት ስሜቱን ያጣና ቅጠሉን ይቀድዳል።

ሰማያዊው መጽሐፍ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ቀስ ብለን እንየው። አንድሩ ላንግ በሎንግማንስ ግሪን አሳታሚነት ከ1889 እስከ 1910 ድረስ በየቀለሙ አሥራ ሁለት የተረት መጻሕፍት አውጥቷል፤ ሰማያዊው የመጀመሪያው ነው። በውስጡ 37 ተረቶች አሉ። የመጀመሪያው እትም 5,000 ቅጂ ታትሞ አንዱ በ6 ሺሊንግ ተሸጧል። ከዚህ ሌላ በትልቅ ወረቀት ላይ 113 ቅጂ ብቻ የታተመ የተለየ እትም ነበረው፤ የእርስዎ ያ ቢሆን ኖሮ መጠኑ ራሱ ይነግርዎ ነበር። አምስት ሺህ ቅጂ ብዙ ይመስላል። የልጆች መጽሐፍ መሆኑን ሲያስቡት ግን አብዛኛው በወተት፣ በቀለም እርሳስና በመቀስ አልቋል።

የርዕሱ ገጽ ላይ 1889 ማለቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የዓመቱን ቁጥር ካዩ በኋላ «ሁለተኛ እትም» ወይም «አዲስ እትም» የሚል ቃል እዚያው ገጽ ላይ እንዳለ ይፈልጉ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ በኋለኞቹ ኅትመቶች ላይ መጽሐፉ መጀመሪያ መቼ እንደታተመና መቼ መቼ እንደተደገመ የሚዘረዝር ማስታወሻ አለ። ያ ዝርዝር ካለ የያዙት ድጋሚ ኅትመት ነው። በመግቢያው ቅጠል ላይ «ለእገሊት፣ ገና 1889» ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ካለ ደግሞ አይፋቁት። ብዙ ሰው እንደ እድፍ ያየዋል፤ እኔ ግን እንደ ምስክር ነው የማየው፤ ያ ቅጂ በዚያ ገና ከሱቅ መውጣቱን ይናገራል። የትምህርት ቤት ሽልማት ወረቀትም እንዲሁ ባለበት ይቆይ። የአዛውንቷ ቤተሰብ ስም ካለበት፣ መጽሐፉ ለእርስዎ እንዴት እንደደረሰ በእርሳስ በተለየ ወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ፤ መጽሐፉ ላይ ግን አይጻፉ።

ስለ ላንግ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሱ ይሁን እንጂ ተረቶቹን ከልዩ ልዩ ቋንቋ የተረጎሙትና ያዘጋጁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ከሁሉ በላይ ባለቤቱ ሊዮኖራ ብላንሽ ላንግ። እሱ ራሱ በ1910 በመጨረሻው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሥራው ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል የእሷ መሆኑን ጽፏል። ሥዕሎቹ የሄንሪ ጀስቲስ ፎርድ ናቸው፤ አሥራ ሁለቱም ላይ እጁ አለበት። በሰማያዊው ጃኮም ሁድ፣ በቀዩ ላንስሎት ስፒድ አግዘውታል። የፎርድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ከባለቀለሙ ይበልጥብኛል። ዘንዶ ሲስል ቅርፊቱን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው።

ተከታታዩን ለመሙላት ካሰቡ ስለ ጀርባቸው፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆሙ ወደ ውጭ ስለሚታየው ጠባብ ወገን፣ ይጠንቀቁ። የሽፋኑ ቀለም ከስሙ ጋር እንዲስማማ ስለተደረገ ሮዙ ሮዝ፣ ሐምራዊው ሐምራዊ ነው። የዚያ ዘመን ሮዝና ሐምራዊ ማቅለሚያ ደግሞ ብርሃን ጠላቱ ነው። መደርደሪያ ላይ ለመቶ ዓመት የቆመ ሐምራዊ መጽሐፍ ፊቱ ሐምራዊ፣ ጀርባው ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። የፊቱን ፎቶ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎት የጀርባውን ይጠይቁት። ሌላም ነገር አለ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ያረፉት ጥር 22 ቀን 1901 ነው። ባለቀለም ሥዕል በላንግ መጻሕፍት ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው ከሐምራዊው ጀምሮ ነው። ስለዚህ «የቪክቶሪያ ዘመን፣ ባለቀለም ሥዕል ያለው የላንግ መጽሐፍ» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ወይ አላወቀም ወይ አላነበበም። ሠዓሊው አርተር ራክሃምም እንዲሁ በስህተት ወደዚህ ዘመን ይጎተታል። ዝናውን ያመጡለት ትልልቅ ባለቀለም መጻሕፍት ከ1905 ወዲህ የመጡ ናቸው። በ1900 የወጣው፣ አብዛኛው በጥቁርና ነጭ የተሳለው የግሪም ተረቶች (የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ስብስብ) ግን በንግሥቲቱ ዘመን ነው፤ ሰው አያስታውሰውም እንጂ።

ከካርቶንዎ ውስጥ ልቤ የቀረው ግን የክሬኖቹ ዘንድ ነው። ለጀማሪ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ነገሩ የሚጀምረው ከማተሚያ ቤቱ ነው። ኤድመንድ ኢቫንስ የሚባል የእንጨት ቀራጭና አታሚ በለንደን ፍሊት ስትሪት አጠገብ ራኬት ኮርት በሚባል ግቢ ይሠራ ነበር። የእሱ ጥበብ ሥዕልን ለእያንዳንዱ ቀለም በተለየ የእንጨት ብሎክ እየቀረጹ፣ አንዱን ቀለም በሌላው ላይ እያደራረቡ ማተም ነው። በ1860ዎቹ አጋማሽ ወጣቱን ዋልተር ክሬንን አገኘውና ለራውትሌጅ አሳታሚ በስድስት ፔንስ የሚሸጡ የልጆች መጻሕፍት ያወጡ ጀመር። ስድስት ወይም ስምንት ገጽ የሥዕል፣ ስስ የወረቀት ልባስ፤ ከዚያ በላይ የለም። ክሬን የጃፓን የእንጨት ኅትመቶችን አይቶ ከተማረከ በኋላ ጥቁር ጠንካራ መስመር፣ ጥላ የሌለው ሰፊ ቀለም፣ ባዶ ቦታን የማይፈራ ገጽ መሥራት ጀመረ። በ1874 የወጣውን «ዘ ፍሮግ ፕሪንስ» ቢያገኙ ቀዩ ዛሬም ትኩስ ነው።

እነዚህ መጻሕፍት በአሥር ሺዎች ነበር የሚታተሙት። ታዲያ ለምን ጠፉ? ርካሽ ስለነበሩ ነዋ! ባለወርቁን የስጦታ መጽሐፍ እናት ሳሎን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ባለስድስት ፔንሱ ግን ልጁ ጋ ይተኛል፣ ይቀደዳል፣ ሥዕሉ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ ውዱ መጽሐፍ በቀላሉ ሲገኝ፣ ርካሹ ሙሉ ሆኖ ማግኘት ነው የሚያስቸግረው። እንዲያም ሆኖ የክሬን ነጠላ መጽሐፍ ዋጋው በመጠነኛ ደመወዝ የሚደረስበት ነው።

የእርስዎ አንድ ላይ የተጠረዘ ስለሆነ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ ራውትሌጅ ራሱ ብዙዎቹን ሰብስቦ በጨርቅ ሽፋን ያወጣው ነው፤ በ1875 የወጣው የብሉቤርድ የሥዕል መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው። ይህ ለሁሉም አንድ የጋራ የርዕስ ገጽ አለው። ሁለተኛው፣ አንድ ቤተሰብ ነጠላዎቹን እየገዛ አጠራቅሞ ያስጠረዘው ነው። የዚህ ምልክቱ በየመካከሉ የየመጽሐፉ የወረቀት ልባስ መገኘቱ ነው። የገጾቹ ጠርዝ ለማስተካከል ተከርክሞ የሥዕሉን ክፈፍ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ከማጠፊያው አጠገብ የድሮ የስፌት ቀዳዳዎችም ይታያሉ። ልባሶቹ ሳይጎድሉ ካሉ በጣም ጥሩ ነው። ሦስተኛው፣ ጆን ሌን የሚባለው አሳታሚ በ1890ዎቹ በአዲስ ሽፋን ደግሞ ያወጣው ነው፤ የርዕሱ ገጽ ላይ ስሙ ይኖራል። ቆንጆ ነው፣ ግን ድጋሚ ነው። ገጾቹ በጨርቅ ላይ ተለጥፈው ካገኟቸው ደግሞ ያኔ በእጥፍ ዋጋ ለልጅ እጅ እንዲጠነክር ተብሎ የተሸጠው ዓይነት ነው።

አሁን አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ ይግዙ፤ ከምሳ አይበልጥም ዋጋው። ማንኛውንም የክሬን ሥዕል መስኮት አጠገብ አድርገው ይዩት። መጀመሪያ ጥግ ላይ ፊርማውን ይፈልጉ፤ ከስሙ ፊደላት ጋር የተሳለች ትንሽ ረጅም እግር ወፍ ናት፣ በስሙ የተጫወተባት። ቀጥሎ ፊት ላይ ያለውን ለስላሳ ቀለም ያጉሉት። እውነተኛ የእንጨት ኅትመት ከሆነ የሚያዩት ቀጫጭን የተቀረጹ መስመሮችን ነው፤ አንዱ ቀለም ከሌላው በፀጉር ያህል ሸርተት ብሎ ነጭ ወይም የተደረበ ጠርዝ ይተዋል፤ በጠንካራው ጥቁር መስመር ጫፍ ላይ ቀለሙ ተገፍቶ ወፈር ያለ ዳር ያበጃል። ገጹን ገልብጠው በጣት ቢዳስሱትም አንዳንዴ የብሎኩ ጫና ይሰማል። በተቃራኒው በሥርዓት የተደረደሩ፣ እንደ አበባ የተሰባሰቡ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ካዩ በፎቶ የተባዛ ኅትመት ነው። ያ ዘዴ ለቀለም ሥዕል የተለመደው ከ1890ዎቹ ወዲህ ስለሆነ፣ 1874 በሚል መጽሐፍ ላይ ነጥብ ካለ ኮፒ ገዝተዋል። ሥርዓት የሌለው፣ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ጠቃጠቆ ደግሞ የድንጋይ ኅትመት (ሊቶግራፍ) ነው፤ እሱ የዘመኑ ነው፣ የኢቫንስ እጅ ግን አይደለም።

ኢቫንስ ትልቅ መጽሐፍም ያውቅበታል። የሠዓሊው ሪቻርድ ዶይል «ኢን ፌሪላንድ» በእኔ ዓይን የዘመኑ ሁሉ ቁንጮ ነው፤ 16 ባለቀለም ገጾች፣ በዊልያም አሊንግሃም ግጥም የታጀቡ፣ በሎንግማንስ የወጣ። የርዕሱ ገጽ 1870 ይላል፤ ሱቅ የደረሰው ግን ለ1869 ገና ነው። የስጦታ መጻሕፍትን በሚመጣው ዓመት ቁጥር ማተም ያኔ የተለመደ የገበያ ዘዴ ነበር። በ1875 ሁለተኛ እትም ወጥቷል። ይህን መጽሐፍ እንደ በግ የበለቱት ሥዕል ሻጮች ናቸው፤ ገጾቹ እየተቆረጡ በመስታወት ክፈፍ ይሸጣሉ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አሥራ ስድስቱንም ይቁጠሩ። ይህ ሕግ ለሁሉም ሥዕላዊ መጽሐፍ ይሠራል፤ በመጀመሪያ የሥዕሎች ዝርዝር የሚለውን ገጽ ይፈልጉና አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ዝርዝር ከሌለው በኢንተርኔት ሙሉ ቅጂ አግኝተው ያስተያዩ፤ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የባልድዊን የልጆች መጻሕፍት ስብስብ ብዙውን በነጻ አስነብቧል። አንድ ሥዕል የጎደለበት መጽሐፍ ለንባብ እንጂ ለስብስብ አይሆንም።

ቅጠሉ የሚረግፈው ትልቁ መጽሐፍዎ ምን እንደደረሰበት ከሩቅም ሊገመት ይችላል። በ1836 ዊልያም ሃንኮክ የሚባል ሰው ያለ ስፌት፣ በጎማ ማጣበቂያ ብቻ የመጠረዝ ዘዴ የፈጠራ መብት አወጣ። ወፍራም የሥዕል ገጽ ያላቸው የስጦታ መጻሕፍት ጠፍጣፋ ሆነው እንዲከፈቱ ስለሚያስችል አሳታሚዎች ወደዱት። ጎማው ግን በአሥርት ዓመታት ውስጥ ደርቆ ይፈረካከሳል። ጀርባው ውስጥ ክር ከሌለና ቡናማ ፍርፋሪ ካለ ይኸው ነው። ቅጠሎቹ ሙሉ ከሆኑ አይዘኑ፤ ቅደም ተከተላቸውን ሳያዛቡ በጥጥ ጥብጣብ አስረው ያስቀምጡት። ሱፐር ግሉም ሆነ ስኮች ፕላስተር አያስጠጉበት፤ ፕላስተሩ ውሎ አድሮ ቢጫ እድፍ ይተክላል። መጠገን ካስፈለገ እንግሊዝ አገር የጥገና ባለሙያዎች ማኅበር፣ አይከን የሚባለው፣ የተመሰከረላቸውን ባለሙያዎች መዝገብ ይዟል።

«ብርቅ» የሚለውን ቃል ሻጮች በየመስመሩ ይረጩታል። እውነተኛ ብርቅ ምን እንደሆነ ለማየት የ1865ቱን የሉዊስ ካሮል የልጆች ልብ ወለድ «አሊስ» ያስቡ። ማክሚላን 2,000 ቅጂ አሳተመ፤ ሠዓሊው ጆን ቴኒየል የሥዕሎቹ ኅትመት አላረካኝም ስላለ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ዛሬ የዚያ ኅትመት ቅጂ ሆነው የሚታወቁት ከሁለት ደርዘን አይበልጡም። ከዚያ ወረድ ሲሉ ነጥብ የሚያስቆጥሩ ልዩነቶች ይመጣሉ። በ1823 በጆርጅ ክሩክሻንክ ሥዕል የወጣው የግሪም ተረቶች የመጀመሪያ እንግሊዝኛ ትርጉም፣ ርዕሱ ገጽ ላይ ባለው የጀርመንኛ ቃል ውስጥ በአንዷ ፊደል አናት ሁለት ነጥብ ከሌለ ቀዳሚው ኅትመት ነው፤ ነጥቦቹ ከገቡ ቀጣዩ። ለሁለት ነጥብ ሲባል ዋጋው ይለያያል! እሱ ግን ንግሥቲቱ ከመንገሣቸው ከ1837 በፊት ስለሆነ የዘመኑ አባት እንጂ ልጅ አይደለም። ክሩክሻንክ በስተርጅና መጠጥ እርም ብሎ ከ1853 ጀምሮ ባወጣቸው ተረቶች ውስጥ የፀረ መጠጥ ስብከት መክተቱን፣ ቻርልስ ዲከንስም በዚያው ዓመት ተረት አታበላሹ ብሎ በመጽሔቱ የተቆጣበትን ታሪክ ካነበቡ በኋላ ግን የእሱን ስስ መጻሕፍት ሳይፈልጉ አይቀሩም።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ አሥራ ሁለቱን የላንግ መጻሕፍት በመጀመሪያ እትም ለማሟላት አይሽቀዳደሙ፤ ሁሉም ሰው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ገንዘብዎን ይጨርሳል። ይልቅ በአንድ እጅ ይያዙት፤ የኢቫንስን ኅትመት ብቻ፣ ወይም የአንድ ሠዓሊን። ዋጋው ገና ያልተሰቀለ ነገር ቢሉኝ በ1890 በዴቪድ ነት አሳታሚነት የወጣውን የጆሴፍ ጄኮብስን የእንግሊዝ ተረቶችና ተከታዮቹን እጠቁማለሁ፤ የጆን ባተን ሥዕል ከፎርድ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። በማክሚላን በ1882 የወጣው፣ እህቱ ሉሲ ተርጉማ ክሬን የሣለው የግሪም ተረቶችም በድጋሚ ኅትመት ብዙ ስለተበተነ የመጀመሪያውን ለይቶ ማግኘት ጥሩ ልምምድ ነው። አምስት የተጎዱ ከሚገዙ አንድ ደህና ይግዙ።

ዋጋ ለማወቅ ሻጭ የጠራውን አይዩ፤ የተሸጠበትን ይዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ጨረታ ቤቶችም ያለፈውን ውጤት ያወጣሉ። ጨረታ ላይ ከመዶሻው ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል ኮሚሽን እንደሚጨመር አይርሱ። በዝርዝር ላይ «ሪባክድ» ካለ ጀርባው ተተክቷል፤ «ሪኬዝድ» ካለ አካሉ ከሽፋኑ ወጥቶ ተመልሷል፤ «ፎክስድ» ቡናማ ጠቃጠቆ ነው፤ «ደብሊው ኤ ኤፍ» ካለ ከነጉድለቱ ነው፣ መመለስ የለም። ለንደን ውስጥ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆች ያሉባትን፣ ሴሲል ኮርት የምትባለውን አጭር መንገድ በእግር ይጎብኙ፤ ከ1906 ጀምሮ ያለው የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር አባላት ከሆኑ ነጋዴዎች መግዛት ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የሸጡልዎት እንዳሉት ካልሆነ ይመልሱልዎታል። የበጎ አድራጎት ድርጅቱን የኦክስፋምን የመጽሐፍ ሱቆችም አይናቁ።

ቤት ውስጥ ከራዲያተርና ከውጪው ግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ቆመው ግን ሳይጨናነቁ ያስቀምጧቸው፤ የአየሩ እርጥበት በመቶ ከ45 እስከ 55 ቢሆን መልካም ነው። ሲያወጧቸው የጀርባውን አናት ይዘው አይጎትቱ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ገፋ አድርገው ወገቡን ይያዙ።

የሰማያዊውን ማንነት ቁርጥ አድርጌ እንድነግርዎ የርዕሱን ገጽ፣ የጀርባውን ገጽ፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን የአሳታሚው ማስታወቂያዎች ካሉ፣ የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ የፊተኛውን መጋጠሚያ ፎቶ ይላኩልኝ። ከክሬኖቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅጠልና በማጉያው ውስጥ የተነሳ አንድ የፊት ሥዕል ይበቃኛል። አረንጓዴውን ፎቶ ለማንሳት ብለው ከከረጢቱ አያውጡት፤ በፕላስቲኩ ላይ ይታየኛል።